ማን ይግባ፣ ማን ይውጣ

መርዶው የደረሰኝ ከጦርነቱ ሸሽቼ ገዳሪፍ ከተማ እያለሁ ነው። ጧት ገና ፊቴን ሳልታጠብ፣ ኻርቱም፣ ካላክላ ሠፈር ጎረቤቶቼ የነበሩ ሦስት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ቆሙ። “አስናቁ፣ እስቲ ቁጭ በይ” አሉኝ። እኔ ደግሞ ቁጭ በይ ሲሉኝ የምቆም ሰው ነኝ። “ቆሜ እሰማለሁ፣ ተናገሩ” አልኳቸው። ኻርቱም ያለው ሱቃችን ላይ መድፍ ወድቋል አሉ። ውስጥ የነበረች ሴት አልተረፈችም፣ ሴትየዋም ሳምራ ናት አሉ።

“አይታችኋታል?”

“አላየንም። ሰው ነው የነገረን።”

“ማን ቀበራት?”

የሚያውቅ የለም።

“እንግዲያው አላለቅስም” ብዬ በሩን ዘጋሁት። ድንጋጤው ነው ጭንቅላቷን የነካት ተባልኩ አሉ። ይበሉ። ሳምራን የሚያውቅ ሰው ግን ይረዳኛል። ያቺ ሴት ማንም ሳይሰማት ዝም ብላ የምትወጣ ሴት አልነበረችም።

እኔ የሐበሻ ቀሚስ ሰፊ ነኝ። ጦርነቱ እስኪበትነን ድረስ ከሳምራ ጋር ካላክላ ሱግ፣ ገበያው አጠገብ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ተጋርተን እንሠራ ነበር። ሱቋ በመጋረጃ ለሁለት ተከፍላለች። በዚህ በኩል የእኔ የስፌት መኪና፣ ክርና ጥለት፤ በዚያ በኩል የሳምራ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሞንታርቦና የሽቦ ክምር። እኔ ሙሽራን አለብሳለሁ፣ እሷ ለሙሽራ የሚዘፈነውን ታዘጋጃለች። ዘፈን መርጣ፣ ቆርጣና ቀጥላ፣ ለሰርግም ሆነ ለክርስትና ፍላሽ ላይ ጭና ትሰጣለች። ደንበኛ አንዴ ከገባ ለብሶም ዘፍኖም ይወጣል እያልን እንስቅ ነበር።

እናቷ የአዘዞ ሴት ናት፤ አባቷ የኡምዱርማን ሹፌር። ሙሉ ስሟ ሳምራዊት ነው፣ ኻርቱም ግን አሳጥሮ ሳምራ አላት። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ስለሆነ አማርኛዋ እንደ ካላክላ መንገድ ነው። ደህና ይሄድ ይሄድና ድንገት አስፋልቱ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ ዐረብኛ ነው። እኔ በዕድሜ ብበልጣትም አንቱ የሚባል ነገር አታውቅም። “ኡኽቲ” ትለኛለች፣ እህቴ ማለቷ ነው። አንቱ ብትለኝ ኖሮ እከፋ ነበር፣ ሳትለኝም እቆጣት ነበር።

ሥራ ላይ ስትሆን ማየት ነው። ከሁሉም የምትወደው አንዱ ዘፈን እየወረደ ሌላው ከሥሩ እየወጣ የሚተላለፉባትን ቦታ ነው። እዚያ ስትደርስ ጆሮ ማዳመጫዋን ትጭንና ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ሁለት እጆቿን ታነሳለች። ቀኝ እጇ ቀስ እያለ ወደ ታች፣ ግራ እጇ ቀስ እያለ ወደ ላይ። ከዚያ ሱቁን የሚያናውጥ ጩኸት ትለቃለች። “ኢንተ አምሩግ! ኢንተ ኹሽ!” አንተ ውጣ፣ አንተ ግባ ማለት ነው፤ የምታዝዘው ዘፈኖቹን ነው። ጆሮዋ ተደፍኖ ስለሆነ ምን ያህል እንደምትጮህ አታውቅም። አንድ ቀን ወደ መሃል ከተማ ስንሄድ ሃፍላ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው እንደ ጎመን ታጭቆ፣ እሷ ስልኳ ላይ የሠራችውን ታዳምጣለች። ድንገት ጣቷን ወደ ፊት ቀስራ “ኢንተ አምሩግ!” አለች። ከፊታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ደንግጠው ተነሱና የገዛ ቦታቸውን ለቀው ወረዱ። ሃፍላው ሁሉ ሳቀ። እሷ ዘላ ወርዳ በመንገድ ስትከተላቸው፣ ይቅርታ ስትለምን፣ ክንዳቸውን ይዛ መልሳ ስታስገባቸው፣ ሹፌሩ እየተሳደበ ጠበቀን። ሰውየው መጨረሻ ላይ ዘፈኑን ካላሰማሽኝ አልቀመጥም አሏት። አሰማቻቸው።

ከዕለታት አንድ ቀን መጋረጃውን ልትገነጥለው ምንም አልቀራትም።

“ኡኽቲ! ኡኽቲ! ተዓሊ! ነይ ነይ ነይ!”

መርፌ እጄ ላይ እንዳለ ሄድኩ። ላፕቶፑ ላይ ሁለት ዘፈኖች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ተዘርግተዋል። የላይኛው ጭራና የታችኛው ራስ ትንሽ ተደራርበዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ የትኛው እንደሚወርድ፣ የትኛው እንደሚወጣ እሷ ናት በእጇ የምትነግረው። አሁን ግን አዲስ ነገር አግኝታለች። የተደራረበውን ቦታ ብቻ ምልክት ታደርጋለች፣ አውቶማቲክ የሚለውን ትነካለች፣ ኮምፒውተሩ አቅጣጫውን ራሱ ይወስናል።

“እንዴት ያውቃል?” አልኳት።

“ያያል! ሹፊ፣ እይ፣ ይሄ ምልክት ለዘፈኑ መጨረሻ ቅርብ ነው? ኸላስ፣ በቃ፣ ይሄ ሊሄድ ነው ይላል፣ ያወርደዋል። ለመጀመሪያ ቅርብ ነው? አሃ፣ ይሄ እንግዳ ነው፣ አሁን መጣ ይላል፣ ከፍ ያደርገዋል። ወላሂ ሰው ነው!”

እኔ ነገር ቶሎ የማይዋጥልኝ ሴት ነኝ። “መሃል ላይ ቢሆንስ?” አልኳት።

ሳቋ እስከ ሱጉ ተሰማ። “መሃል ላይ ማን ይቆማል፣ ኡኽቲ?” ብላ ጉንጬን ሳመችኝ።

እንዲያም ሆኖ አንድ ሕግ ነበራት። ያልሰማችው ፍላሽ ከሱቁ አይወጣም። ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን፣ እያንዳንዷን መተላለፊያ እጇን እያነሳችና እየጣለች ሰምታ ካላረጋገጠች ንጉሥ ቢመጣ አትሰጥም። ያን ሕግ የጣሰችው አንዴ ብቻ ነው። የጣሰችውም ለብርቱካን ሰርግ ነው።

ብርቱካን ካፉሪ በሚባለው የሀብታም ሠፈር አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ዘመድ የላትም። የምታገባው ዩሐና የሚባል፣ ማዮ የሚሉት የድሃ ሠፈር ልጅ ነው፣ የኑባ ሰው፣ ክርስቲያን፣ ብየዳ የሚሠራ፣ እሷን ሲያይ ምላሱ የሚተሳሰር። እሱን ሁላችንም ወደድነው። የሚያስፈራን እናትየው ናቸው። ኻልቲ ርብቃ ይባላሉ፣ ኻልቲ አክስቴ ማለት ነው። ከአገራቸው ተፈናቅለው ኻርቱም የመጡ ናቸው፣ ማዮም ውስጥ ቤት ሠርተው ፈርሶባቸዋል፣ ሌላ ሠርተው እሱም ፈርሶባቸዋል። ልጃቸውን ያሳደጉት የሰው ልብስ እያጠቡ ነው። ስለ ሰርጉ ልንነጋገር ቤታቸው የሄድን ቀን ሻይ አቅርበው፣ ቀና ብለው አዩንና በዐረብኛ እንዲህ አሉ። “በሰው በር ላይ ብዙ ቆሜአለሁ፤ ብዙ ተባርሬአለሁ። በልጄ ሰርግ ቀን ከበር ከመለሳችሁኝ ልጄን ይዤ እመለሳለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰርግ የለም።”

እኛ ደግሞ ወግ አለን። ሙሽራው ሙሽራዋን ሊወስድ ሲመጣ የሙሽራዋ ጓደኞች በሩን ይይዛሉ። አናስገባም፣ ልጃችንን አንሰጥም እያሉ ይዘፍናሉ፤ ሚዜዎቹ ይለምናሉ፣ ሽቶ ይረጫሉ፣ መጨረሻ ላይ በሩ ይከፈታል። ይህ ካልተደረገ ሙሽራዋ ሰው የሌላት ትመስላለች። ብርቱካን ሌላ ምንም አልጠየቀችም፤ በሬ ይያዝልኝ አለች ብቻ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ። ለኻልቲ ርብቃ ሄደን አስረዳን። “ጨዋታ ከሆነ እሺ” አሉ። “አንድ ጊዜ ብቻ። በሩ አንዴ ከተከፈተ ተከፈተ።”

አሁን ደግሞ በሩን የሚይዝ ሰው የለም። የብርቱካን ጓደኞች በሙሉ እንደሷ ካፉሪ ሠራተኞች ናቸው፣ ኢጃዛ፣ የእረፍት ቀን፣ የሰጣቸው ማንም የለም። የቀረነው እኔና ሁለት ጎረቤቶች፤ ሦስት ሴት በር ይዞ ቢዘፍን ከለቅሶ ቤት አይለይም። ሳምራ ስትሰማ እጇን አጨበጨበች።

“በስልክ ይላኩልኝ! አንድ አንድ ሆነው ይዝፈኑ። እኔ እሰበስባቸዋለሁ።”

ላኩ! አንዷ ከወጥ ቤት፣ አንዷ ከልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ አንዷ ሕፃን አዝላ፣ እመቤቶቻቸው እንዳይሰሟቸው አፋቸውን በእጃቸው ከልለው፣ የበሩን ዘፈን በስልክ ቀድተው ላኩ። ሳምራ አንዱን በአንዱ ላይ ደረበችው። መጀመሪያ ሁለት ሴት፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ እልልታ፣ ከዚያ ጭብጨባ። እኔ በዚህ በኩል ቀሚሱን እየጠለፍኩ በዚያ በኩል መንደር ሙሉ ሴት ሲሰበሰብ ሰማሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ክሩ ተቆለፈብኝ፣ ትቼው ተነስቼ አብሬ አጨበጨብኩ።

ለሙሽራው ወገን ደግሞ የማዮ ሴቶች ደሉካ ሲመቱ ቀዳች፤ ደሉካ የእነሱ የሴቶች ከበሮ ነው። አጭር፣ ሞቅ ያለ ቅጂ ነው። ዕቅዱ ቀላል ነው። ሴቶቹ አናስገባም ይላሉ፣ ድምፃቸው እየወረደ ደሉካው ከፍ ይላል፣ በሩ ይከፈታል። ሳምራ ኻልቲ ርብቃ ብዙ እንዳይቆሙ ብላ መተላለፊያውን ወደ ፊት ሳበችው። ከበሩ ዘፈን ገና መግቢያው እንደተዘፈነ በሩ ይከፈት አለች። የቀረውን ረጅም ዘፈን በኋላ እቆርጠዋለሁ ብላ ተወችው። ምልክት አደረገች፣ አውቶማቲኩን ነካች፣ ፍላሽ ላይ ጫነች። ልትሰማው ማዳመጫዋን ስታነሳ ካህረባው፣ መብራቱ፣ ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ዱሮም የታመመ ነው፣ አብሮት ሄደ። መብራቱ እስከ ማግስቱ አልተመለሰም። ማግስቱ ሰርጉ ነው።

“ፈሂም ነው፣ ያውቃል” አለች ፍላሹን በመዳፏ ይዛ። ስትል ግን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

ጧት ነው። ብርቱካንን ያስጌጥንበት ቤት የግቢው በር ላይ ሦስታችን ተደርድረናል። ሳምራ ክፍሉ ውስጥ ናት፣ ጄነሬተር ተከራይታ፣ ሞንታርቦዎቹን በመስኮት ወደ በሩ አዙራ። ሙሽራው ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ሰልፍ መጣ፤ ጥሩምባው፣ አቧራው፣ የማዮ ሰው ሁሉ። ኻልቲ ርብቃ ከፊት ናቸው፣ ብርቱካናማ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶችን ረጅም መጎናጸፊያ፣ ተጠቅልለው፣ እንደ ንግሥት። ሳምራ ለቀቀችው። እነዚያ የወጥ ቤት ዘፋኞች ግቢውን ሞሉት! የማዮ ሰዎች ከሦስታችን ጀርባ ስንት ሴት እንደተሸሸገ ሊያዩ ተንጠራሩ። እኛም ልባችን ሞላ፣ እጃችንን ዘርግተን አንከፍትም አልን። ሚዜዎቹ ሽቶ ረጩብን። የሴቶቹ ድምፅ ቆመ፣ ደሉካው ፈነዳ፣ በሩን ከፈትን። ዩሐና አንድ እግሩን አስገባ።

ከዚያ ደሉካው እየደከመ ሄደ።

አውቶማቲኩ እንዳስተማሩት አደረገ እንጂ አላጠፋም። ምልክቱ በሴቶቹ ረጅም ዘፈን መጀመሪያ አካባቢ ነው የወደቀው፣ ስለዚህ እነዚህ አሁን የሚገቡ ናቸው አለ። ደሉካው ደግሞ አጭር ስለሆነ ምልክቱ ወደ መጨረሻው ሊደርስ ምንም አልቀረውም፣ ስለዚህ ይህ የሚወጣ ነው አለ። ደሉካው ጠፋ። የሴቶቹ አናስገባም ከሥሩ ተነሳ፣ አደገ፣ ከበፊቱ በረታ። እኛ ሦስታችን ምን እንዳደረግን ልንገራችሁ? ዘፈኑ ሲመለስ እኛም ተመለስን። ያደግንበት ነገር ነው፣ እጅ ጭንቅላትን አይጠይቅም። በሩን ሙሽራው እግር ላይ መልሰን ያዝነው!

የኻልቲ ርብቃ ፊት ሲለወጥ አየሁ። “ጠረዱና” አሉ ቀስ ብለው፤ አባረሩን ማለት ነው። “እንደገና አባረሩን። ኸላስ፣ ያላ ነምሺ፣ በቃ እንሂድ።” ቶባቸውን ሰብስበው ወደ ረክሻው ዞሩ። ዩሐና እግሩን ከበሩ አላወጣም፣ እጁ ግን የእናቱን ቶብ ይዟል። ሁለት ቦታ ተወጥሮ ቆመ። ከውስጥ ብርቱካን ሁሉንም ሰምታለች፤ እሪ አለች።

“አጥፊው! ሳምራ፣ አጥፊው!” ብዬ ጮህኩ።

አላጠፋችም። በአንድ እግሯ ጫማ፣ በአንድ እግሯ ባዶ፣ ማዳመጫው አንገቷ ላይ እየተወዛወዘ ከቤት ወጣች። በክንዴ ሥር ሾልካ በሩን አለፈች፣ ኻልቲ ርብቃ ጋ ደረሰች፣ እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

“ያ ኻልቲ፣ ስደቢኝ፣ ምቺኝ፣ ግን መጀመሪያ ነይ እይ። ውስጥ ስንት ሴት አለ?”

“ልጄን የማይፈልግ ብዙ ሴት አለ።”

“ነይ ቁጠሪያቸው። ከቆጠርሽ በኋላ ሂጂ። እኔ ራሴ ረክሻ እጠራልሻለሁ።”

ምን እንዳስገባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ገቡ። እኔም ተከትዬ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ወንበር፣ ላፕቶፕ፣ ሁለት ሞንታርቦ። ዘፈኑ እየጮኸ ነው፣ ሰው ግን የለም። ኻልቲ ርብቃ ከመጋረጃው ጀርባ ሳይቀር አዩ።

“ወይኑም? የት ናቸው?”

“ካፉሪ” አለች ሳምራ። የሁሉንም ድምፅ ዘጋችና አንዱን ብቻ ተወች። አንዲት ልጅ ናት፤ ቀጭን ድምፅ፣ ከኋላዋ የቧንቧ ውሃ ይፈስሳል፣ ሰሃን ይጋጫል። አናስገባም እያለች ትዘፍናለች። ዘፈኑ መሃል ከሩቅ አንዲት ሴት በቁጣ ትጠራታለች። ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፣ ግን አታቆምም።

“ኢጃዛ ከለከሏቸው” አለች ሳምራ። “ሰርጉን በስልክ መጡ። አንቺን አይደለም የሚከለክሉት፣ ወላሂ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ ብዬ መንገር ሲገባኝ ለማሽን ተውኩት።”

ኻልቲ ርብቃ ወንበሯ ላይ ተቀመጡ። የቧንቧውን ውሃ እያዳመጡ ነበር፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያው ካፉሪ ልብስ ያጠቡ ሴት ናቸው። ልጅቷን እንደገና አሰሚኝ አሉ። አሰማቻቸው። ዓይናቸውን በቶባቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ወደ መስኮቱ ዞሩና “ደሉካውን አምጡ!” ብለው ጮኹ።

ደሉካው በመስኮት ገባ። ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሳምራ የሁሉንም ድምፅ መለሰች፣ እሳቸው በልጆቹ ዘፈን ላይ፣ በአናስገባም ላይ፣ ይመቱ ጀመር። ሁለቱም አንድ ላይ! አንዱ አልወረደም፣ አንዱ አልወጣም። የማዮ ሴቶች ከውጭ ሲሰሙ እልል አሉ። ሳምራ ሮጣ በሩ ላይ ወጣች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት እጆቿን አንድ ላይ ወደ ላይ ስታነሳ አየኋት።

“ኹሹ! ኹሹ ኩሉኩም! ግቡ፣ ሁላችሁም ግቡ!”

በሩን የለቀቅነው እኛ አይደለንም። ሰው ጎርፎ ወሰደን። እንዲያ ያለ ሰርግ በሕይወቴ አላየሁም። ኻልቲ ርብቃ የእነሱን ጭፈራ አስተማሩን፣ እኛ እስክስታችንን አስተማርናቸው፣ የእኔ ትከሻ ሳምንት ሙሉ አልተነሳም። ብርቱካን ስትወጣ አማቷ አንገቷን አቅፈው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሏት። ኋላ ስጠይቃት “ጓደኞችሽን በሙሉ ቤቴ ጋብዣቸዋለሁ አሉኝ” አለች።

ወሬው በሳምንቱ ካላክላን ዞረ። ሌላ ሙሽራ መጣች። “እንደ ብርቱካን ሰርግ ይሁንልኝ፣ በሩ ከተከፈተ በኋላ እንደገና ይያዝ” አለች። ሳምራ ተቆጣች። “ደ ገለጥ! ስህተት ነው! ስህተት አልሸጥም!” ሙሽራዋ ለመነች፣ እኔ ሳቅሁ፣ እሷ እሺ አለች። ጉዱ የመጣው ሊሠራ ሲሞከር ነው። አሁን መብራት አለ፣ ዘፈኑ በልኩ ተቆርጧል፣ አውቶማቲኩ በትክክል እየሠራ አስቸገራት። የሚወጣውን ያወጣል፣ የሚገባውን ያስገባል። “ኡኽቲ፣ ሲፈለግ አይሳሳትም!” እያለች በእጇ አቅጣጫውን ገለበጠችው። መጨረሻ ላይ፣ የሴቶቹ ዘፈን ከተመለሰ በኋላ፣ የራሷን ድምፅ ቀድታ ጨመረች፤ ኹሹ ኩሉኩም። ከዚያ ወዲያ የሳምራ ስህተት የሌለበት የሐበሻ ሰርግ ካላክላ ውስጥ ቀረ ማለት ይቻላል። ድምፅዋ ሲሰማ በር የያዘው ይለቃል፣ የተቀመጠው ይነሳል።

አንድ ቀን ቀሚስ እየጠለፍኩ “መሃል ላይ ማን ይቆማል ብለሽኝ አልነበር?” አልኳት። ላፕቶፑ ላይ እንዳቀረቀረች “እኔ” አለች። “የእናቴ ሰዎች የአባቴን ሰዎች አስገቡ ሲባል በር ላይ ማን ቆመ? እኔ ነኛ። ያላ፣ ሥራሽን ሥሪ።”

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እሷ ሱቁን ልዝጋና እከተልሻለሁ አለችኝ፣ እኔ በጭነት መኪና ወጣሁ። ስልኬን በመንገድ ላይ ተቀማሁ፤ ቁጥሯም አብሮ ሄደ። ገዳሪፍ ገባሁ፣ የቀረውን ነግሬአችኋለሁ።

በቅርቡ ሰው ወደ ኻርቱም መመለስ ሲጀምር እኔም ካላክላ ተመለስኩ። ሱቃችን ጣሪያ የለውም። የእሷ ወገን ጥቁር ግድግዳ ብቻ ነው። እዚያ ቆሜም አላለቀስኩም፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁ። የስፌት መኪና ተውሼ ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀሚሴን ሄለን ለምትባል የሠፈራችን ልጅ ሰፋሁ፤ ጦርነቱ ሲጀመር ተማሪ የነበረች ልጅ ናት። የሰርጓ ቀን ግቢያቸው ውስጥ ከጥቂት ሴቶች ጋር በር ያዝኩ። ብዙዎቹ ጓደኞቿ አገር ላገር ተበትነዋል። ወንድሟ ፍላሹን ሰካ፣ የበሩ ዘፈን ተነሳ፣ እንደ ድሮው ብዙ ሴት ሆኖ። ሙሽራው ደረሰ። ዘፈኑ ቆመ፣ ደሉካው ፈነዳ፣ በሩን ከፈትን።

ደሉካው እየደከመ ሄደ። የሴቶቹ ድምፅ ከሥሩ ተነሳ።

ክው አልኩ። የድሮ ካላክላ ሰዎች ሁሉ ከወንበራቸው ተነሱ፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። የድሮ ፍላሽ ከፍርስራሽ ውስጥ አግኝተው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እጄ ግን በሩን መልሶ ይዟል። ከዚያ ዘፋኞቹ የሙሽራዋን ስም ጠሩ። ሄለንን አንሰጥም አሉ። ሄለንን! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ወዲያው ያ ድምፅ መጣ፣ ትንሽ ጎርነን ብሎ፣ ግን ያው።

“ኹሹ! ኹሹ ኩሉኩም!”

በሩን ትቼ፣ ሙሽራውን ገፍትሬ፣ የሄለን ወንድም ላይ ተጣበቅሁ። “ይሄን ማን ሠራው? ማን?”

“ጁባ ያለች ሴት ናት፣ እትዬ አስናቁ። የሄለን ጓደኞች ከያሉበት በስልክ ላኩላት፣ እሷ አቀናበረችው። መሃል ላይ ስህተት አለው፣ አስተካክይው ብንላት እምቢ አለች። ካላክላ ውስጥ የሚሰማው ሰው ይኖራል፣ ተዉት አለች።”

ቁጥሩን ሰጠኝ። ስደውል ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ጠራ፣ ጠራ። ተነሳ።

“ሳምራ” አልኩ።

ቀስ ብላ “ኡኽቲ፣ በሩን ያዝሽ?” አለችኝ።

“ያዝኩ” አልኳት። “ዘፈኑ ሲመለስ እንደገና ያዝኩት።”

ገዳሪፍ ላይ እምቢ ያልኩትን ለቅሶ ሁሉ ያኔ በሰው ሰርግ ላይ አለቀስኩት። እሷም በዚያ በኩል እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ “ኹሺ፣ ኡኽቲ፣ ኹሺ፣ ግቢ” ትለኛለች።